ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር፦ በእጅ ስለሚሠራ የቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ



የዛሬው ርእሴ ለእንዲህ ያለ መድረክ ጥቂት ዝቅ ያለ መስሎ የሚታየው ሰው ሊኖር ይችላል። ነገሩ አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ፣ አንድ ፊልትሮና ሁለት ሦስት ፋሼታ ነው። ሆኖም የጋዞች ሕግ፣ የፈሳሾች እንቅስቃሴ፣ የሙቀት ዝውውርና የቁሶች ጠባይ በዚህች ቱቦ ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚህም በላይ፣ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ እንዲያገለግሉን እየጠየቅናቸው ነው። ወጣቱ ባለመኪና በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፋብሪካውን የአየር ሣጥን አውልቆ የራሱን ቱቦ ሲተክል ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያጣ በአኃዝ ማየት የሚገባን ስለዚህ ነው።

ከመጠኑ እንጀምር። ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል በክብደት 14.7 እጥፍ ያህል አየር ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ የሚፈልገው አየር ወደ 11 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ያንን በአዲስ አበባ አየር ብንሰፍረው 12 ሜትር ኩብ ይሆናል። 40 ሊትር ቤንዚን ያቃጠለ ሞተር፣ ወለሉ 12 በ10 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር የሆነ አዳራሽ የሚሞላ አየር ተንፍሷል ማለት ነው። በዚያ አየር ውስጥ ያለው አቧራ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚያስቀረው ፊልትሮው ብቻ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሞተር ኃይል የሚያመነጨው በሚስበው አየር ክብደት እንጂ በስፍሩ አይደለም። ስፍሩ የተወሰነ ነው፤ 1.6 ሊትር ሞተር ሁልጊዜ 1.6 ሊትር ነው። የሚለዋወጠው እፍጋቱ ነው። እፍጋት ደግሞ ከግፊት ጋር አብሮ ይጨምራል፣ ከፍጹም ሙቀት ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። የቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ሐሳብ በሙሉ በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ሐሳቡም እውነት ነው። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል 101 ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ የከተማችን መኪና፣ ቱርቦ የሌለው ከሆነ፣ ገና ከመነሣቱ የኃይሉን ሩብ ያህል ለከፍታው ግብር ከፍሏል። ይህን ሩብ በማቀዝቀዝ ብቻ እንመልስ ብንል፣ የ22 ዲግሪ አየር ከዜሮ በታች 52 ዲግሪ ድረስ መውረድ ይኖርበታል። በቤት ውስጥ የተሠራ ቱቦ መኪናዬን «እንደ ቱርቦ አደረገልኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ቁጥር በትሕትና ልትጠቅሱለት ትችላላችሁ።

እንግዲህ ቱቦው በእርግጥ ሊሰጥ የሚችለውን እንመዝን። መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ሳለ ኮፈኑ ሥር ያለው አየር 55 ዲግሪ ደርሷል፣ ውጭው 22 ዲግሪ ነው እንበል። በፍጹም ሙቀት 328ና 295 ኬልቪን ናቸው፤ የእፍጋቱ ልዩነት 11 በመቶ ነው። ግን ቀዝቃዛው አየር ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ ከጋለው የሞተር ግድግዳ ሙቀት ስለሚቀበል ትርፉ እንዳለ አይደርስም። በሞተር መፈተሻ መመዘኛዎች ዘንድ የሙቀቱ ተጽዕኖ የሚሰላው በፍጹም ሙቀቶቹ ጥምርታ ካሬ ሥር አካባቢ ነው። በዚህ ስሌት 11 በመቶው ወደ 5.5 በመቶ ይወርዳል።

ይህም ቢሆን ጥሩ ትርፍ ነበር፤ ነገር ግን ንጽጽሩ ራሱ የተሳሳተ ነው። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተሠሩትን መኪኖች ኮፈን ክፈቱና የፋብሪካውን ቱቦ በጣታችሁ ተከተሉት። አብዛኛውን ጊዜ ከፊት መብራቱ ኋላ፣ ወይም ከፓራፋንጎው ውስጥ፣ ወይም ከራዲያተሩ አናት ላይ ነው የሚስበው፤ ማለትም ከውጭ አየር። መሐንዲሶቹ ይህን ሕግ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚገባው አየር 32 ዲግሪ ቢሆን፣ ወደ 22 ለማውረድ የምንደክምበት ትርፍ በእፍጋት 3.4፣ በኃይል 1.7 በመቶ ነው። በአንጻሩ የፋብሪካውን ሣጥን አውጥቶ ሾጣጣውን ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር ገላጣ ያኖረ ሰው ከ32 ወደ 55 ዲግሪ ወጥቷል፤ 7 በመቶ እፍጋት ጥሏል። ቀዝቃዛ አየር ማስገቢያ ሠራሁ ብሎ ሙቅ አየር ማስገቢያ ሠራ። ይህ በየጋራዡ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ነው።

ታዲያ መኪናዬ ፈጠነ የሚለው ሰው ይዋሻል? አይዋሽም፤ የሰማውን ነው የሚናገረው። የፋብሪካው ቱቦ ጎን ላይ የተለጠፉት ባዶ ሣጥኖች የአየሩን ሞገድ ድምፅ ለመዋጥ የተሠሩ ናቸው። እነርሱ ሲወገዱ ሞተሩ ያገሣል፤ ጆሮም ግሣቱን ፍጥነት አድርጎ ይተረጉመዋል።

ስለ ነዳጅ ቁጠባም የሚነገር አለ። በከተማ ጉዞ የቤንዚን ሞተር በአብዛኛው የሚሠራው የአየር ክዳኑ በከፊል ተዘግቶ ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝና ሲታፈግ፣ ነጂው ያንኑ ፍጥነት ለመያዝ እግሩን ጥቂት ያነሣል፤ ክዳኑ የበለጠ ይዘጋል፤ ሞተሩም በጠበበው ቀዳዳ ለመሳብ ትንሽ የበለጠ ይደክማል። ስለዚህ ከቀዝቃዛ አየር ቁጠባ መጠበቅ ከመነሻው መሠረት የለውም። የካርቡሬተር መኪና ጉዳይ ግን ለብቻው ነው። ካርቡሬተር የአየሩን ክብደት አያውቅም፤ እፍጋቱ ወደ ሦስት አራተኛ ሲወርድ ድብልቁ 15 በመቶ ያህል በቤንዚን ይበዛል። ለእነዚያ የቆዩ መኪኖች ደጋ ላይ መፍትሔው ዚግለሩን በሚገባ መቀየር ነው፤ ቱቦ አይደለም።

አሁን ወደ ቱቦው ውፍረት። 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር፣ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚስብና ሲሊንደሩም ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ፣ በሰከንድ 68 ሊትር ገደማ ይወስዳል። የቱቦው ውስጣዊ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን አየሩ በሰከንድ 35 ሜትር ይከንፋል፤ በ63 ሚሊ ሜትር 22፤ በ75 ሚሊ ሜትር 15 ሜትር። የእንቅስቃሴው ግፊት በቅደም ተከተል 540፣ 215 እና 107 ፓስካል ገደማ ነው። ድንገተኛ 90 ዲግሪ ክርን አንድ ጊዜ ይህን ያህል ግፊት ይበላል፤ ለስላሳ መታጠፊያ ግን ሩቡን ያህል ብቻ። ከ50 ወደ 63 መሄድ ትርጉም አለው። ከ63 ወደ 75 ሲኬድ የሚገኘው መቶ ፓስካል ያህል ነው፤ ከ76,000 ፓስካል ላይ እንደ ምንም ይቆጠራል። የቱቦውን አፍ ወደ ፊት አዙሮ ነፋሱን መቀበልም እንዲሁ ነው፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የሚገኘው ግፊት 350 ፓስካል፣ ማለትም ከግማሽ በመቶ በታች ነው።

ውፍረቱን ያለ ልክ ማብዛት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ብዙ መኪኖች የሚገባውን አየር የሚለኩት በመንገዱ ላይ በተሰቀለ በጋለ ስስ ሽቦ ወይም ቅጠል ነው። ይህ ሴንሰር የሚያየው በእርሱ አጠገብ የሚያልፈውን ፍሰት ብቻ ነው፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ የሚያሰላው የፋብሪካውን ቱቦ ስፋት ይዞ ነው። ሴንሰሩን ከ60 ሚሊ ሜትር አውጥታችሁ 70 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ብትተክሉት ከሩብ በላይ አሳንሶ ይነግረዋል። በቀላል ጉዞ የኦክስጅን ሴንሰሩ ስሕተቱን በተወሰነ ደረጃ ያርማል። ነጂው እግሩን እስከ መጨረሻው ሲጫን ግን ሞተሩ በአብዛኛው የሚተማመነው በመጀመሪያው ልኬት ላይ ነው፤ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ቃጠሎው ይግላል። ስለዚህ የሴንሰሩ መኖሪያ ከነስፋቱ መነካት የለበትም፤ ከፊቱም ቀጥ ያለ ቱቦ እንጂ ክርን አይቀመጥ። ከሞተሩ ክዳን የሚመጣው የመተንፈሻ ጎማም ከሴንሰሩ በኋላ፣ በነበረበት ቦታ መመለስ አለበት።

ቁሱስ? በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው ፒቪሲ ቱቦ ርካሽና ለሥራ የሚመች ነው፤ ግን ከ60 ዲግሪ በላይ ለዘለቄታው የሚታመን አይደለም፤ 80 ዲግሪ አካባቢ ይልማል። ከጭስ ማውጫው አጠገብ ካለፈ ይጎብጣል። ብረት ሙቀት ያስተላልፋል የሚለው ክርክር በሙሉ ኃይል ጊዜ ብዙ ክብደት የለውም፤ በሰከንድ 22 ሜትር የሚሄድ አየር 70 ሴንቲ ሜትር ቱቦን የሚያልፈው በሰከንድ 3 መቶኛ ነው፤ ለመሞቅ ጊዜ የለውም። ሞተሩ ቆሞ ሲንደቀደቅ ግን አየሩ ቀርፋፋ ስለሆነ ይሞቃል። እኔ የመርካቶ ምናለሽ ተራ ባለሙያዎች የሚቀጠቅጡትን ስስ ላሜራ ከፒቪሲ አስበልጣለሁ፤ በውስጡ ዝገትና ፍርፋሪ እስካልቀረ ድረስ።

አሁን ወደ አቧራው ልመለስ፤ ዋናው ኪሳራ እዚህ ነውና። የመንገዳችን አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ። በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 7 ነው፤ የሲሊንደሩን ብረት ይፍቃል። ክፉው ደግሞ ለዓይን የሚታየው ጠጠር አይደለም፤ በጥቂት ማይክሮን የሚለካው፣ በፒስተን ፋሻና በሲሊንደር መካከል ባለው የዘይት ስስ ሽፋን ውስጥ ለመግባት የሚበቃው ነው። የፋብሪካው የወረቀት ፊልትሮ ከሚመጣበት አቧራ በክብደት ከመቶ 99 እጅ በላይ ያስቀራል። ስሙ የማይታወቅ ሾጣጣ ፊልትሮ ሲገዛ ሻጩን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በአይሶ 5011 መመዘኛ ተፈትኗል ወይ? መልስ ከሌለ አልገዛውም። ቆሽሾ የሚታጠብና ዘይት የሚቀባ ፊልትሮም ዘይቱ ከበዛበት የጋለውን ሽቦ ሊያቆሽሽ ይችላል።

ውኃም አለ። አፉ ፓራፋንጎ ውስጥ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ማስገቢያ በሐምሌ ጎርፍ ላይ ውኃ ይጠጣል። እያንዳንዱ ሲሊንደር 400 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ የመጭመቂያው ጥምርታ 10 ለ1 ከሆነ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ 44 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ አይሞላም። ውኃ አይጨመቅም። ከዚያ በላይ ከገባ የሚታጠፈው ቢየላው ነው።

ታዲያ ምን ይሠራ? በመጀመሪያ ይለካ። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ፣ እያንዳንዱ ክንዱ አንድ ሜትር እንዲሆን በ«ዩ» ቅርጽ በእንጨት ላይ ሰክታችሁ እስከ ግማሹ ባለ ቀለም ውኃ ሙሉት። አንዱን ጫፍ ከፊልትሮው በኋላ በቱቦው ግድግዳ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ አያይዙት፤ ሌላው ለአየር ክፍት ይሁን። ከዚያ በእንጦጦ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶ ይወጣ፤ የውኃውን ልዩነት የሚያነብበው አብሮ የተቀመጠው ሰው ነው፣ ነጂው ዓይኑን ከመንገድ አያንሣ። 10 ሴንቲ ሜትር ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ብታነቡ፣ እጅግ የተዋጣለት ቱቦ እንኳ ሊመልስላችሁ የሚችለው ከ76 ላይ 2 ነው። 5 ብታነቡ ግን መኪናችሁ በሚገባ ይተነፍሳልና ገንዘባችሁን ለጎማ አውሉት። ከፍ ያለ ቁጥር ካገኛችሁም ቱቦ ከመቁረጣችሁ በፊት አዲስ የወረቀት ፊልትሮ አስገብታችሁ ድገሙት።

የአየሩን ሙቀት ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተር በመመርመሪያ መሣሪያ ይነግራችኋል፤ ከውጭ ቴርሞሜትር ጋር አነጻጽሩት። ልዩነቱ መኪናው እየሄደ ሳለ ከ15 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሥራ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜም የፋብሪካውን ሣጥንና ፊልትሮ አልነካም። ከሣጥኑ በፊት ያለውን ቱቦ ብቻ ነው የምለውጠው፦ ከፊት ፍርግርጉ ኋላ፣ ከመከላከያው አናት ከፍ ብሎ የሚነሣ፣ በውስጡ 63 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ 90 ፈንታ በሁለት 45 ዲግሪ የታጠፈ። በሣጥኑና በጭስ ማውጫው መካከል የላሜራ ግድግዳ አቆማለሁ፤ ጠርዙን ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ እለብጠዋለሁ፣ ኮፈኑ ሲዘጋ እንዲገጥም። ከፊልትሮው በፊት የሚሠራ ስሕተት ሙቀት ያስገባል፤ ከፊልትሮው በኋላ የሚሠራ ስሕተት አሸዋ ያስገባል። እጄን የምሰበስበው ከሁለተኛው ነው።

ምክሬን ትቶ ከፊልትሮው በኋላ ያለውን የለወጠ ሰው፣ መጋጠሚያዎቹን በሲሊኮን ማጣበቂያ አይድፈን፤ ትነቱ የኦክስጅን ሴንሰሩን ይመርዛል። ጎማና ፋሼታ ይበቃል። ከዚያ በአቧራማ መንገድ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ ቱቦውን ይፍታና ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረግ። ጨርቁ ንጹሕ ከወጣ ይቀጥል። አቧራ ካሳየ ቱቦው በዚያው ዕለት ወርዶ የፋብሪካው ይመለስ።

የውኃ መለኪያውና ሁለቱ ቱቦዎች ፊት ለፊታችሁ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ቀርባችሁ ልትነኳቸው ትችላላችሁ። ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።