የሽማግሌዎች ካሣና የመንግሥት ሕግ በሐርጌሳ ከተማ

በሐርጌሳ ከተማ አንዲት ልጃገረድ ተደፍራ ወደ ቤቷ በተመለሰች ጊዜ፥ ወላጆቿ ከዳኛ ይልቅ አስቀድመው የሚያስቡት የጎሣቸውን ሽማግሌዎች ነው። እነርሱም ወደ በዳዩ ጎሣ ሽማግሌዎች መልእክት ይሰዳሉ፤ በተቀጠረውም ቀን ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው ነገሩን ከመረመሩ በኋላ ካሣው ይቈረጣል፤ ዕርቅም ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜም ልጅቱን ለዚያው ለደፈራት ሰው ሚስት አድርጎ መስጠት የሁለቱን ቤተ ዘመድ ክብር የሚጠብቅ መፍትሔ ተደርጎ ይቈጠራል። በዚያ ሸንጎ ላይ የሁለቱም ወገን ሰዎች በተራ ይናገራሉ፤ ልጅቱ ግን አትጠራም።

አንባቢዎቻችን ይህን አይተው በሶማሌ ሽማግሌዎች ላይ ለመፍረድ እንዳይቸኩሉ እንለምናለን። ሶማሌዎች «ሔር» እያሉ የሚጠሩት ይህ የአባቶች ደንብ የተሠራው ዳኛና ወኅኒ ቤት በሌሉበት ሜዳ ነው። ግመሉን እየነዳ ከውሃ ወደ ውሃ የሚጓዝ ሰው፥ ነፍስ ቢያጠፋ ወይም ወንድሙ ቢገደልበት፥ ደም በደም እየተመለሰ ወገኑ ሁሉ እንዳያልቅ የሚከለክለው «መግ» የተባለው የደም ካሣ ነበር። በልማዱ የወንድ ደም 100 ግመል፥ የሴት ደም 50 ግመል ነው። ይህን ያህል ግመል አንድ ሰው ብቻውን ከወዴት ያመጣል? ስለዚህ ካሣውን የሚከፍሉትም የሚካፈሉትም በውል የተሳሰሩ ዘመዳሞች በኅብረት ናቸው። እንግሊዞችም አገሩን በሚገዙበት ዘመን ልማዱን አልሻሩትም፤ እንዲያውም የየጎሣው ውል በጽሑፍ ሆኖ በአውራጃ ገዥው መሥሪያ ቤት እንዲቀመጥ አደረጉ። ከዚያም ወዲህ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993፥ የጎሣ ሽማግሌዎች በቦረማ ከተማ ለወራት ተቀምጠው በጦርነት የደቀቀውን አገር አስታረቁ። ዛሬ «ጉርቲ» የሚባለው 82 አባሎች ያሉት የሽማግሌዎች ምክር ቤት የሕግ መወሰኛው አንደኛው ክፍል ነው። ይህን ሥራ የሠሩ ሰዎች ሊከበሩ ይገባል።

ነገር ግን ሔር በደልን የሚመለከተው በጎሣ ዐይን ነው። ግመል ሲዘረፍ ጎሣው ይጐዳል፤ ልጅ ስትደፈርም ጎሣው ይዋረዳል፤ ስለዚህ ካሣው የሚገባው ወደ አባትና ወደ ዘመድ እጅ ነው። የልጅቱ ሥቃይ ለብቻው የሚመዘንበት ሚዛን አልተሠራለትም።

የተጻፈ ሕግ አልነበረም ማለታችን አይደለም። በእንግሊዞች ዘመን የሕንድ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይሠራበት ነበር። አገሩ እ.ኤ.አ. በ1960 ከደቡቡ ክፍል ጋር ከተዋሐደ በኋላ ደግሞ በኢጣልያ ሕግ አምሳል የተዘጋጀው የሶማሌ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1964 ጸንቶ፥ አስገድዶ በደፈረ ሰው ላይ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ እስራት ወሰነ። ሶማሌላንድ በ1991 ከሶማሊያ ተለይታ መንግሥት ባቆመች ጊዜም ይኸው ሕግ አልተለወጠም። ሆኖም ክሱ በፖሊስ ጣቢያ ተጽፎ ሳለ ሽማግሌዎች መጥተው «እኛ ጨርሰነዋል» ሲሉ መዝገቡ መዘጋቱ የታወቀ ነገር ሆነ።

በዚህ መካከል ኑሮው ሕጉን ቀድሞት ሄደ። ሐርጌሳ በ1988 በገዛ መንግሥቷ አውሮፕላን ተደብድባ ሕዝቧ ወደ ኢትዮጵያ ተሰድዶ ነበር፤ በከተማው መካከል ቆሞ የሚታየው የጦር አውሮፕላን የዚያ መታሰቢያ ነው። ስደተኞቹ ሲመለሱ ብዙ ሴቶች በገበያ እየነገዱ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ሆኑ፤ ልጃገረዶችም ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመሩ። በገጠር ዘመዶቿ ዙሪያዋን ከበዋት ታድር የነበረችው ልጅ፥ አሁን ማንነቱን በማታውቀው መንገደኛ መካከል ብቻዋን ትመላለሳለች። በካሣ መያዣነት ይጠብቃት የነበረው ጎሣ በከተማው ውስጥ ከቶ የት ይገኛል?

ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ፥ በ2018 መጀመሪያ ላይ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት፥ ቀጥሎም ራሱ ጉርቲ፥ ስለ ወሲብ ወንጀሎች የወጣውን ሕግ አጸደቁ። ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ፈረሙበት። ይህ ሕግ ደፋሪውን እስከ 30 ዓመት በሚደርስ እስራት እንዲቀጣ አዘዘ። ይሁን እንጂ የሃይማኖት ሊቃውንት ከሸሪዓ ጋር አይስማማም ብለው ተቃወሙት፤ በ2001 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሸሪዓን የሚቃረን ሕግ እንዳይወጣ ስለሚከለክል፥ ክርክሩ በቀላሉ የሚታለፍ አልሆነምና የሕጉ አፈጻጸም ታገደ። በ2020 እንደራሴዎቹ ሌላ ረቂቅ ተቀበሉ፤ የሴቶች መብት ተከራካሪዎች ግን ለልጃገረዶች ያለ ዕድሜና ያለ ፈቃድ ጋብቻ በር ይከፍታል ሲሉ በብርቱ ነቀፉት።

በእኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በዘመኑ እጅግ የተመሰገነ ቢሆንም፥ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕግ ካገባ ከክስ ያድነው ነበር። የሐርጌሳው ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር የሚለውን፥ የእኛ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ጽፎት ነበር ማለት ነው። በኋላ በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጃገረድ ጠላፊዋን ገድላ በተከሰሰች ጊዜ፥ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተከራክሮላት በነፃ ተለቀቀች፤ ጉዳዩም በአገሩ ሁሉ ተወራ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት አዲሱ የወንጀል ሕግ ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው ወሰነ። ጠለፋው ግን በማግሥቱ አልቀረም፤ በየገጠሩ በሽምግልና መሸፈኑ ቀጠለ።

በሐርጌሳ ሆስፒታል ውስጥ «ባሂ ኮብ» የሚባል አንድ ክፍል አለ። የተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምና፥ የሚያጽናና ምክርና የሕግ ርዳታ በአንድ ስፍራ ያገኙበታል። ወላጆች ሽማግሌ ፍለጋ ሲሄዱ፥ እናት ልጇን ይዛ ወደዚያ ብትገባ፥ የደረሰባትን ነገር የምትጠየቀው ልጅቱ ራሷ ናት፤ ቃሏም ይጻፋል።