ወፎችን በመስኮት የሚመግቡ ከሆነ ድመትዎንና ውሻዎን አይርሱ

ማለዳ በመስኮት ደፍ ላይ አርፈው እህል የሚለቃቅሙ ወፎችን ማየት ለብዙዎች ደስታን ይሰጣል። በተለይ ከቤት ብዙም ለማይወጡ አረጋውያንና ለሕፃናት መልካም መዝናኛ ነው። አገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች የሚገኙባት ስትሆን፣ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች ርግብ፣ ዋኔና ድንቢጥ ከሰው ጋር ተላምደው በየጣሪያውና በየበረንዳው ይኖራሉ። አንዳንዱ ነዋሪ ማሽላ ወይም ሩዝ ይበትንላቸዋል፤ ሌላው የእንጀራ ፍርፋሪ ያስቀምጥላቸዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ደግሞ መስታወት ላይ ተጣብቆ የሚቆም የወፍ መመገቢያ በብዙ ቤቶች የተለመደ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ወፎችን አትመግቡ ለማለት አይደለም። ነገር ግን በቤትዎ ድመት፣ ውሻ ወይም ዶሮ ካለ፣ በመስኮት ላይ የተቀመጠው እህል ወፎችን፣ የቤት እንስሳትንና ቤተሰብን በአንድ ቦታ ያገናኛል። ይህ መገናኛ ንጽሕናው ካልተጠበቀ የበሽታ መተላለፊያ ሊሆን ስለሚችል ጥንቃቄዎቹን ማወቅ ይጠቅማል።

በሽታው እንዴት ይተላለፋል?

ወፎች በተፈጥሯቸው ምግባቸውን ተበታትነው ይፈልጋሉ። በአንድ ሳህን ላይ ሲመገቡ ግን በርካታ ወፎች ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ኩሳቸውም ከእህሉ ጋር ይደባለቃል። በመካከላቸው አንድ የታመመ ካለ ሌሎቹ በቀላሉ ይያዛሉ። ከመመገቢያው የሚረግፈው እህልና ኩስ በረንዳው ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ድመት ትራመድና እግሯን ትልሳለች፤ ውሻ የረገፈውን ይለቅማል፤ የሚድህ ሕፃን ደግሞ መዳፉን አሳርፎ ወደ አፉ ይወስዳል። እኛም በእጃችን የምንመገብ ሕዝብ በመሆናችን፣ መመገቢያውን ነክቶ እጅን ሳይታጠቡ ማዕድ መቅረብ አደጋው ከፍ ያለ ነው።

በዚህ መንገድ ከሚተላለፉት ተህዋስያን አንዱ ሳልሞኔላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ከዱር ወፎች ጋር በተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ በ12 ግዛቶች 29 ሰዎች መታመማቸውንና 14ቱ ሆስፒታል መግባታቸውን የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል አስታውቋል። በወቅቱ በአንዳንድ ግዛቶች ነዋሪዎች የወፍ መመገቢያዎችን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያነሱ ተመክረው ነበር። በሳልሞኔላ የተያዘ ሰው ከስድስት ሰዓት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ሊታይበት ይችላል። አብዛኛው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ያገግማል፤ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት፣ በአረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ግን በሽታው ሊጠና ይችላል።

ድመት ያለበት ቤት

የታመመ ወፍ ፈጥኖ መብረር ስለማይችል በድመት በቀላሉ ይያዛል። ስለዚህ ድመትዎ አድና ያመጣችው ወፍ ጤነኛ ላይሆን ይችላል። ወፍ ከበላች በኋላ ካስመለሳት፣ ካስቀመጣት፣ ምግብ ከጠላችና ከፈዘዘች ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

ወፍና አይጥ የምታድን ድመት ቶክሶፕላዝሞሲስ ለተባለው በሽታም ትጋለጣለች። ድመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትያዝ ተህዋሱን ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ በዓይነ ምድሯ ታስወጣለች። ለነፍሰ ጡር እናት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ተህዋሱ ወደ ጽንሱ አልፎ ውርጃን ወይም በሕፃኑ ዓይንና አንጎል ላይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ይህ ማለት ግን ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ድመቷ ትባረር ማለት አይደለም። በዓይነ ምድሩ ውስጥ ያለው ተህዋስ ሰውን ለመያዝ የሚደርሰው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ የድመቷን መጸዳጃ ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው በየቀኑ ቢያጸዳው አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት አድርጎ ማጽዳትና እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። በሽታው ጥሬ ሥጋ በመመገብና በደንብ ባልታጠበ አትክልትም እንደሚተላለፍ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ውሻና ዶሮ ካለዎት

ለውሻ ዋናው ስጋት መሬት ላይ የረገፈው ነው። ዝናብ የነካው እህል ፈጥኖ ይሻግታል። በሻገተ በቆሎና ለውዝ ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የውሻን ጉበት ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል፤ ለወፎቹም አይበጅም። ስለሆነም ለሰው የማይሆን የሻገተ እህል ለወፍም አይስጡ። ዘቢብም የውሻን ኩላሊት ስለሚጎዳ ከወፍ ምግብ ጋር አይቀላቅሉት።

አድሮ የሚቀር ፍርፋሪ አይጥንም ይጠራል። አይጥ በበዛ ጊዜ የአይጥ መርዝ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም፣ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት ወይም ውሻም ልትመረዝ ትችላለች። መፍትሔው አይጡን የሚጠራውን ምግብ ማታ ማታ ማንሳት ነው።

በግቢዎ ዶሮ የሚያረቡ ከሆነ ደግሞ ፈንግልን ያስቡ። ርግቦችና ሌሎች ወፎች ይህን በሽታ ወደ ዶሮዎች ሊያመጡ ይችላሉ፤ ያልተከተቡ ዶሮዎች ካሉ መንጋው በጥቂት ቀናት ሊያልቅ ይችላል። ዶሮዎችዎን ያስከትቡ፤ የዱር ወፎችን ከዶሮዎቹ መኖና ውኃ ርቀው ይመግቡ።

የደረቀ ኩስ በደረቁ አይጠረግም

በበረንዳ ላይ የደረቀ የወፍ ኩስ ሲጠረግ የሚነሳው አቧራ በመተንፈሻ አካል ይገባል። ሲታኮሲስ የተባለው የሳንባ በሽታ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። በርግብ ኩስ ውስጥ የሚገኘው ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስ ደግሞ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች፣ በተለይም ሕክምና ባልጀመሩ ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ ወገኖች ላይ የማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ኩሱን በመጀመሪያ በውኃ ያርሱት፤ ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርገው ያንሱት፤ ሕፃናትንም ከአካባቢው ያርቁ።

መውደቅና መቧጨር

ወፍ ለመያዝ የምትዘል ድመት ከፍታ አትለካም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ አንድ የኒውዮርክ ጥናት በአምስት ወር ውስጥ ከፎቅ የወደቁ 132 ድመቶች ለሕክምና መምጣታቸውን መዝግቧል። አብዛኞቹ ቢተርፉም በርካቶቹ ደረታቸውና አጥንታቸው ተጎድቷል። በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ከዚህ የሚበልጠው ስጋት ግን ወፍ ለማየት ወንበር ላይ የሚወጣ ሕፃን ነው። ከመስኮቱ ሥር ወንበር፣ አልጋም ሆነ ሣጥን አያስቀምጡ፤ መስኮቱም ፍርግርግ ወይም ጠንካራ ወንፊት ይኑረው።

ወፉን አይታ መድረስ ያቃታት ድመት ተቆጥታ አጠገቧ ያለውን ሰው ልትነክስ ወይም ልትቧጭር ትችላለች። ወፎች የእብድ ውሻ በሽታን አያስተላልፉም፤ ድመትና ውሻ ግን ያስተላልፋሉ። ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ድመትዎንና ውሻዎን በየጊዜው ያስከትቡ።

ምን ያድርጉ?

• መመገቢያውን ከመስታወቱ ውጭ አድርገው መስኮቱን ዝግ ያድርጉ። ድመቷ ከውስጥ ሆና ብታይ አትጎዳም።

• መመገቢያው ከመስታወቱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ወይም ከ10 ሜትር በላይ በሆነ ርቀት ይሁን። ቅርብ ሲሆን ወፉ ፍጥነት ሳይጨምር ስለሚነሳ ከመስታወቱ ጋር ቢጋጭም ጉዳቱ ይቀንሳል።

• በአንድ ቀን የሚያልቅ መጠን ብቻ ያስቀምጡ፤ የረገፈውን በየቀኑ ያንሱ።

• ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ መመገቢያውን በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይጠቡ። ከዚያም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ በደንብ አለቅልቀው ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠብቁ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አይቀላቅሉ።

• እጥበቱን የሰው ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ ሳይሆን ለዚሁ በተለየ ሳፋ ከቤት ውጭ ያከናውኑ።

• ላባውን ነፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆም ወይም መብረር ያቃተው ወፍ ካዩ መመገቡን ለሁለት ሳምንት ያህል ያቁሙ። የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አይንኩ።

• ወፎቹን ከመገቡ በኋላ የቤተሰቡ አባል ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

መቼ ወደ ሐኪም ይሂዱ?

ደም የቀላቀለ ወይም ከሦስት ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳል ወይም የአንገት መገተር ካለ በቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም። በሕፃን ላይ የሰውነት ፈሳሽ ማለቅ ምልክቶች፣ ማለትም የአፍ መድረቅ፣ የዓይን መሰርጎድና የሽንት መቀነስ ከታዩ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ለሐኪሙ በቤትዎ ምን እንስሳት እንዳሉና ወፎችን እንደሚመግቡ ይንገሩ። ብዙ ታካሚዎች ሳይናገሩት የሚቀሩት ይህ መረጃ ምርመራው ወዴት ማተኮር እንዳለበት ሊጠቁም ይችላል፤ ሲታኮሲስን የመሰለ በሽታም በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል።

እንግዲህ መመገቢያውን በየጊዜው ማጠብ፣ የረገፈውን ማንሳትና መስኮቱን መዝጋት ከቻሉ ወፎቹን ይመግቡ። ይህን ለማድረግ ጊዜ ከሌለዎት ግን እህል ከመበተን ይልቅ በግቢዎ ወይም በበረንዳዎ አበባና ቁጥቋጦ ቢተክሉ ወፎቹ የሚበሉትን ራሳቸው ፈልገው ያገኛሉ። መልካም ጤና!