ፀጉራችን ጠባዩን ሲለውጥ
(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

የዛሬው ርዕሳችን ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም የብዙ ቤቶችን ሰላም የሚነካ ጉዳይ ነው። ለንግግራችን መነሻ የሆነን አንዲት እህታችን የላከችልን ደብዳቤ ነው።

እህታችን የሁለት ልጆች እናት ናት። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች 5 ወር ሆኗታል። ድሮ ጥቅልልና ብዙ የነበረው ፀጉሯ አሁን ከፊት በኩል ሳስቶ ጥቅልሉ ላልቷል፤ ከኋላ ግን እንደ ቀድሞው ከርዳዳ ነው። አክስቷ «ሒጃቡ ነው ያፈነው» ይላሉ፤ ጎረቤት ደግሞ «ዐይን ነው» ይላል። እርሷም ሁሉንም አንድ ለማድረግ ብላ በየወሩ ሪላክሰር ትቀባ ጀመር፤ በመጨረሻም የራስ ቆዳዋ ተቃጠለ። ከሁሉ ያሳዘነን ግን የደብዳቤዋ ማብቂያ ነው። «ባለቤቴ አንድ ቀን 'ፀጉርሽን ምን ነካው?' ካለኝ ወዲህ ቤት ውስጥም ሻሼን አላወልቅም» ትላለች። ጥያቄዋ «ፀጉሬ ይመለስልኝ ይሆን?» የሚል ነው። መልሱን ከመስጠታችን በፊት ፀጉር ለምን እንደሚጠቀለልና ጥቅልሉም ለምን እንደሚለወጥ እንመልከት።

ጥቅልል ከየት ይመጣል?

ከራሳችን በላይ የምናየው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ ሕይወት ያለው ከቆዳ ሥር ነው። እያንዳንዱ ፀጉር የሚበቅለው ከአንዲት ትንሽ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቷ ቀጥ ያለች ከሆነች ፀጉሩ ሉጫ ሆኖ ይወጣል፤ የጎበጠች ከሆነች ደግሞ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የከረጢቷን ቅርጽ በዋነኛነት የምንወርሰው ከእናትና ከአባታችን ነው።

ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የኬራቲን ክሮችን የሚያያይዙ ማሠሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ ውሃ ሲነካቸው ይፈቱና ሲደርቁ ይመለሳሉ፤ በቢጎዲን የተጠቀለለ ወይም በፔስትራ የተተኮሰ ፀጉር ውሃ ሲያገኘው ወደ ጠባዩ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ሌሎቹ ግን ጠንካሮች ናቸው። ሪላክሰር የሚበጥሳቸው እነዚህን ነው፤ የተበጠሰውም ተመልሶ አይጠገንም፤ አዲስ ፀጉር እስኪበቅል መጠበቅ ብቻ ነው።

በአንድ ሰው ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ። አንዱ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያም 3 ወር ያህል አርፎ ይወድቃል፤ በቦታውም አዲስ ይበቅላል። በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር መርገፉ ጤናማ ነው። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ የሥሩ ለውጥ ጫፉ ላይ እስኪታይ ዓመታት ይወስዳል። በአንድ ራስ ላይ ሁለት ዓይነት ፀጉር የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለውጡ የሚመጣባቸው ጊዜያት

የመጀመሪያው በሕፃንነት ነው። በየቤታችን ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ይታረዳል፤ ፀጉሩም ይላጫል። ከዚያ በኋላ የበቀለው ፀጉር ሲጠነክርና ሲጠቀለል «መላጨቱ ነው የለወጠው» እንላለን። ምላጭ ግን የሚነካው ከቆዳ በላይ ያለውን እንጂ ከረጢቱን አይደለም። የጨቅላ ለስላሳ ፀጉር ቢላጭም ባይላጭም ረግፎ በሌላ ይተካል። ሱንናውን የምንፈጽመው ሱንና ስለሆነ ነው፤ ፀጉር ያሳምራል ብለን አይደለም። የልጃችን ፀጉር «አልለሰለሰም» ብለን ደጋግመን መላጨትም ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው ጉርምስና ነው። በዚህ ዕድሜ ሆርሞኖች ስለሚለዋወጡ ሉጫ የነበረው ሊጠቀለል፣ ጥቅልል የነበረውም ሊላላ ይችላል።

ሦስተኛው እርግዝናና ወሊድ ነው። በእርግዝና ወራት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚጨምር መርገፍ የነበረበት ፀጉር ሳይረግፍ ይቆያል፤ ፀጉሩም የበዛ ይመስላል። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲቀንስ ያ የቆየው ፀጉር በ2 እና በ4 ወር መካከል በአንድ ላይ ይረግፋል። ይህ ሒጃብ ለባሿንም ያልለበሰችውንም የሚያገኝ ነው።

አራተኛው የዕድሜ መግፋት ነው። የወር አበባ ሲቋረጥ ፀጉር ይቀጥናል፤ ሽበትም ብዙውን ጊዜ ደረቅና አልታዘዝ ባይ ይሆናል። ሽበትን በሒና መቀባት የተለመደ ነው። ነገር ግን «ጥቁር ሒና» ተብሎ በሚሸጠው ውስጥ ብዙ ጊዜ ፒ.ፒ.ዲ. የተባለ ኬሚካል ስለሚኖር ቆዳን ሊያቆስል ይችላል፤ እንጠንቀቅ።

አምስተኛው ሕመምና መድኃኒት ነው። የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ የደም ማነስና ከባድ ትኩሳት ፀጉርን ያሳሳሉ። የካንሰር መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች ፀጉራቸው ሲመለስ ከቀድሞው የበለጠ ተጠቅልሎ ሊበቅል ይችላል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮይት የተባለው መድኃኒትም በአንዳንዶች ላይ ፀጉርን ይጠቀልላል። ለፀጉር ተብሎ ግን መድኃኒት አይቋረጥም፤ ሐኪምን ማማከር ይገባል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከፀጉራችን ጋር አንጣላ። ጥቅልል ፀጉር ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ ስለማይደርስለት ቶሎ ይደርቃል። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ታጥቦ፣ ገና እርጥብ እያለ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ቢቀባ እርጥበቱን ይይዝለታል። ፎረፎር ያለበት ሰው ግን ቅቤውን ቆዳው ላይ አያብዛ። ስናበጥርም ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምረን ወደ ሥሩ እንሂድ።

ሁለተኛ፣ ሹሩባ ጥሩ መጠበቂያ ነው፤ ሲጠብቅ ግን ጉዳት ነው። ከተሠራን በኋላ ራሳችንን ካመመን ወይም በግንባራችን ዙሪያ ትናንሽ እብጠቶች ከወጡ ጠብቋልና ይላላ። ዓመታት የቆየ መጎተት ፀጉሩ ጨርሶ እንዳይመለስ ሊያደርግ ይችላል። በተለይ ትናንሽ ሴት ልጆቻችንን «ቻዪው» አንበላቸው። በዚህ ነገር ዲናችንም ገር ነው። የሙእሚኖች እናት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ፀጉራቸውን አጥብቀው እንደሚጎነጉኑ ነግረው ለጀናባ ትጥበት ይፍቱት እንደሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራስ ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ ማፍሰስ እንደሚበቃ እንደነገሯቸው ሙስሊም ዘግበዋል። ከወር አበባ በኋላ ስላለው ትጥበት ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው የምታምኗቸውን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ሒጃብ ፀጉርን አይለውጥም፤ አለባበሳችን ግን ሊጎዳው ይችላል። እርጥብ ፀጉር ላይ አንሸፍን። በየቀኑ በአንድ ቦታ ጠበቅ አድርገን አንሠር። ከሥር የሚደረገው ሻሽ ለስላሳ ቢሆን መፋተግን ይቀንሳል።

አራተኛ፣ ከሪላክሰር እንራቅ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ገደማ ተከታትሏል። በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ ማለስለሻ ኬሚካል የተጠቀሙት በማሕፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በስሌቱም እስከ 70 ዓመት ዕድሜ በበሽታው የሚያዙት ከመቶ 1.64 ወደ 4.05 ከፍ ይላሉ። ጥናቱ መንስኤው ይኸው ነው ብሎ አይደመድምም፤ ለጥንቃቄ ግን ይበቃል። ማቆም የምትፈልግ እህት በአንድ ጊዜ መቆረጥ አይጠበቅባትም፤ አዲሱ እያደገ አሮጌውን ጫፍ ጥቂት በጥቂት ትቁረጥ። አዲሱና አሮጌው የሚገናኙበት ቦታ በቀላሉ ስለሚበጠስ እዚያ ላይ በርጋታ ይበጠር።

አምስተኛ፣ ሐኪም የሚያስፈልግበትን ጊዜ እንወቅ። ፀጉር በቦታ በቦታ እየተመለጠ ከሄደ፣ ቆዳው ካሳከከና መግል ከያዘ፣ መርገፉ ከዓመት በላይ ከቆየ፣ ድካም፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ምክንያት የሌለው የክብደት ለውጥ አብሮ ከመጣ ጤና ጣቢያ እንሂድ። በልጆች ላይ የሚወጣ ቆረቆር ተላላፊ ስለሆነ በመድኃኒት ይታከም።

በቤታችን የምንናገረው

ወደ እህታችን ጥያቄ እንመለስ። የረገፈው ፀጉርሽ በአብዛኛው ልጅሽ ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል፤ ኢንሻአላህ። ጥቅልሉ ግን እንደ ድሮው ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ባይመለስም በሽታ አይደለም። የአሁኑ ፀጉርሽ ልጆችሽን የተሸከመው አካልሽ ክፍል ነው። ቆዳሽ እስኪድን ምንም ኬሚካል አትቀቢ፤ ቁስሉ ካልደረቀም ታከሚው። ድካም ካለብሽ ደምሽን ተመርመሪ።

ለወንድሞቻችንም አንድ ቃል አለን። ምናልባት ባልየው በክፋት አልጠየቀ ይሆናል። ሆኖም በወለደች በጥቂት ወር ውስጥ ላለች ሴት ያቺ አንዲት ጥያቄ ሻሽ ሆና ራሷ ላይ ቀርታለች። እንድታወልቀው የሚያደርጋትም የእርሱ መልካም ቃል ነው። ለእናቶችና ለአክስቶችም እንዲሁ፤ በልጅ ፊት «ይቺ እንኳ ከርዳዳ ናት፣ አልታደለችም» የሚለውን ንግግር እንተው። የአፋር ወንዶች ጥቅልል ፀጉራቸውን በቅቤ አሳምረው ያጌጡበታል። ባለትዳር የሐረሪ ሴቶች ፀጉራቸውን ከጆሯቸው ኋላ በሁለት ጠቅልለው በጉፍታ ይሸፍኑታል። አላህ (ሱ.ወ.) ፍጡራኑን በልዩ ልዩ መልክ ፈጥሯል፤ ፀጉር ያለውም ፀጉሩን እንዲያከብር በሐዲስ ተመክሯል። ማክበር ማለት ደግሞ ማቃጠል አይደለም።