ሳቅን ከቁም ነገር ያጣመሩ ሁለት የቀድሞ ፊልሞች

በቀድሞ ዘመን ፊልሞች ውስጥ የሚሰማውን ቀልድ ለማሟሟቂያ የገባ አድርጎ የሚወስድ ተመልካች ጥቂት አይደለም። በሠላሳ ዓመት ልዩነት የተሠሩ ሁለት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ግን ቀልድ የታሪኩ ዋና ማንቀሳቀሻ ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1934 ለዕይታ የበቃው «ዘ ቲን ማን» (ቀጭኑ ሰው) የተሰኘው የወንጀል ምርመራ ፊልም ነው። በዳሺል ሃሜት ልቦለድ ላይ ተመሥርቶ በደብሊው ኤስ ቫን ዳይክ አዘጋጅነት የተሠራው ይህ ፊልም ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ የወሰደ ቢሆንም ለአራት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቷል። በርዕሱ የተጠቀሰው ቀጭን ሰው፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት መርማሪው ሳይሆን ጠፍቶ የሚፈለገው የፈጠራ ባለሙያ ነው። ዊልያም ፓወልና ሚርና ሎይ የሚጫወቷቸው ባልና ሚስት ወንጀሉን የሚከታተሉት እየተቀላለዱ ነው። በመጨረሻ መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ እራት ይጋብዛል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን ራሱም እርግጠኛ አይደለም። የሚያውቅ መስሎ ሲናገር ሚስቱ እውነት መሆኑን ትጠይቀዋለች፤ እሱም እንደማያውቅ ይመልስላታል።

ሁለተኛው በስታንሊ ኩብሪክ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1964 የቀረበው «ዶክተር ስትሬንጅላቭ» ነው። ኩብሪክ የፒተር ጆርጅን ልቦለድ በቁም ነገር ድራማነት ለመሥራት ጀምሮ፣ ጉዳዩ በስላቅ ካልሆነ በቀር እንደማይገለጽ በማመኑ አቅጣጫውን ቀይሯል። በፊልሙ አንድ ጄኔራል በራሱ ሥልጣን የኒውክሌር ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ወደ ሶቪየት ኅብረት ያዘምታል። የተጠቀመበት መመሪያ የበላይ አመራሩ በጠላት ጥቃት ቢጠፋ የበታች አዛዦች አጸፋ እንዲሰጡ ታስቦ የወጣ ነው። የአውሮፕላኑ ሠራተኞች ሰነፎች ወይም ከዳተኞች አይደሉም፤ እንዲያውም ዓለምን ለጥፋት የሚዳርጋት የእነርሱ ታታሪነት ነው።

በቢሮ ሥራ ላይ ላለ ተመልካች ይበልጥ የሚያስቀው ምናልባት የሶቪየቶቹ ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም። ጥቃት ሲደርስ ምድርን በሙሉ የሚያጠፋ መሣሪያ ሠርተዋል። ዓላማው ጠላትን ማስፈራራት ሆኖ ሳለ፣ ይፋ የሚደረገው በሚቀጥለው ሰኞ በፓርቲው ጉባዔ ላይ በመሆኑ ስለ መኖሩ ለማንም አልተነገረም።

ፊልሙ በወጣበት ወቅት የአሜሪካ ባለሥልጣናት እንዲህ ያለ ክስተት ሊፈጸም እንደማይችል ገልጸው ነበር። ከዓመታት በኋላ ምስጢርነታቸው የተነሣ ሰነዶች ግን ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በአስቸኳይ ሁኔታ የኒውክሌር መሣሪያ እንዲጠቀሙ ለተወሰኑ የጦር አዛዦች አስቀድመው ሥልጣን ሰጥተው እንደነበር አረጋግጠዋል።