የሰፈርና የቤት ስሞች አመዘጋገብ፤ ደጀንን መነሻ በማድረግ

የቦታ ስም የሥነ ቃል አካል ነው ሲባል ብዙ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው የተራራ፣ የወንዝና የደብር ስም ነው። የከተማ ሰፈርና የመኖሪያ ቤት ስሞች ግን እምብዛም አይታሰቡም። በዚህ አጭር ጽሑፍ እነዚህ ስሞች እንዴት ቢመዘገቡ እንደሚሻል፣ ደጀንን መነሻ አድርጌ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ደጀን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ፣ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ አቀበቱን ሲጨርስ የሚቀበለው እርሷ ናት። መንገደኛ በሚበዛበት ከተማ ስም ለነዋሪው መታወቂያ፣ ለእንግዳው ደግሞ መሪ ነው። ስለዚህም ጠላ ቤቱም ሆነ ማደሪያው በባለቤቷ ስም «የእከሊት ቤት» እየተባለ ሲጠራ ይሰማል።

አንዲት አረጋዊት እናት «እማማ፣ የቤትዎ ቁጥር ስንት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቁጥሩንስ ቀበሌ ያውቀዋል፤ እኔን የፈለግህ እንደሆን ስሜን ጠርተህ ጠይቅ፣ ልጁ ሁሉ ያደርስሃል» አሉኝ። መልሳቸው የጉዳዩን ፍሬ ነገር ይዟል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ካደራጀ ወዲህ፣ ቤት በመዝገብ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ቁጥር ቤቱን ከቤት ይለያል፤ ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንዳደረበት ግን አይናገርም።

በአመዘጋገቡ ረገድ ሦስት ነጥቦችን ላንሣ። አንደኛ፣ ስሙ ከተናጋሪው አፍ እንደ ወጣ መጻፍ አለበት፤ ቀበሌው የሚጽፈው መልክ የተለየ ከሆነ በጎኑ ይቀመጣል፤ አንዱ ሌላውን ማረም የለበትም። የተናጋሪው ዕድሜና በሰፈሩ የኖረበት ዘመን፣ እንዲሁም የቦታው አዋሳኝ አብረው ይመዘገባሉ።

ሁለተኛ፣ የቃሉ ፍችና የስሙ ታሪክ መለየት አለባቸው። «ደጀን» ማለት ከኋላ ሆኖ የሚረዳ ጦር፣ መመኪያ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ከተማዋ አሰያየም የሚነገር ትረካ ሁሉ ትረካ ተብሎ ይመዝገብ እንጂ ታሪክ ተብሎ አይጻፍ። በአንጻሩ አዲስ አበባ ያለው «ካዛንቺስ»፣ ሰሚው ትርጉሙን ባያውቀውም፣ በወረራው ዘመን (1928–1933) ለጣሊያን ሹማምንትና ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የመጣ ስም ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ነጥብ የስድብ ስም ነው። በሸማኔ፣ በቀጥቃጭ ወይም በሸክላ ሠሪ ላይ የተለጠፈ የሰፈር ስም ሲያጋጥም ተመራማሪው ምን ያድርግ? ቢተወው የኖረውን ንቀት ይሸፍናል፤ እንዳለ ቢያትመው ንቀቱን ያድሳል። በበኩሌ ስሙን የሚጠራው ማን እንደሆነ ለይቼ እመዘግባለሁ፤ የሰፈሩ ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩበትንም ጠይቄ፣ በካርታ ላይ የማሰፍረው ይህንኑ የራሳቸውን ስም ነው።

ሥራው ጊዜ አይሰጥም። መንቆረር በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ሲባል የቀድሞው ስም ያልጠፋው በጽሑፍ ስለ ቆየ ጭምር ነው። በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ውስጥ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪው ሲበተን ዝነኛው የሰፈር ስም ቢቀር እንኳ የየቅያሱና የየቤቱ ስም ጠሪ ያጣል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስናነብ ዲማን የምናውቃት ቦታዋም ስሟም ስላለ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ሰፈር ግን ነገ በልብ ወለድ ውስጥ ቢገኝ፣ አንባቢው ደራሲው የፈጠረው ይመስለዋል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ በየቤታቸው ካሉት አረጋውያን ቢጀምሩ መልካም ነው። የዚያች እናት ስም ዛሬ ቤታቸውን ያሳያል፤ የሚጠራው ልጅ ሲያድግና ከሰፈሩ ሲወጣ ግን የሚቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው።