የጓሮ ጎመንና የከርሞ ዘሩ

የሐበሻ ጎመን እናቱ ሰናፍጭ ናት። አባቱ ደግሞ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን የወጡበት ወገን ነው። የቀልድ አይምሰላችሁ። የአገራችን ሰው የዘር ሐረግ መቁጠር ይወዳል፤ የጎመንን ሐረግ የቆጠረው ግን አባቱ ኮሪያዊ፣ እናቱ ጃፓናዊት የሆነ ዉ ጃንግ ቹን የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው ጥናት የጎመን ቤተሰብ የሆኑ ስድስት ተክሎችን አዛመደ። ሰናፍጭ 16 ክሮሞዞም አላት፤ የጥቅል ጎመን ወገን 18 አለው። የእኛ ጎመን 34 ነው፤ ማለትም የሁለቱ ድምር። ሁለቱ ወላጆች ተዳቅለው፣ አንዱም የራሱን ሳያጎድል ሙሉውን ለልጅ ያወረሱበት ተክል ነው። እናቲቱ ሰናፍጭ መሆኗ የታወቀው ከዚያ በኋላ፣ ከእናት ብቻ የሚወረሰው ዘረ መል ሲመረመር ነው።

የእናትየው ቁጣ አሁንም አልለቀቀውም። ጥሬ ጎመን ሲከተፍ አፍንጫ የሚኮረኩረው፣ የተቀቀለበት ውኃ መረር ብሎ የሚደፋው፣ ሰናፍጭን ሰናፍጭ ካሰኘው ቅመም የወረሰው ድርሻ ስላለ ነው። ይህ ነገር ለተክሉ ጋሻው ነው፤ ብዙው ነፍሳት ቀምሶ ይተወዋል። የማይተወው ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ነው። ክሽክሽ መራራውን ለምዶታል፤ በተለይ ዝናብ ሲያባራ ቅጠሉን ከሥር በኩል አመድ የተነሰነሰበት እስኪመስል ይወርሰዋል።

ይህ ተክል በተላመደበት አገር ዛሬም በክብር የሚኖረው በደጋው ጓሮ ነው። ምዕራብ ጎጃምን እንውሰድ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አካባቢ ወይና ደጋ ነው፤ እዚያ የገበያው ንጉሥ በርበሬ ነው። ወደ ደጋ ዳሞት፣ ወደ ፈረስ ቤት ሲወጣ ግን ብርዱ ይበረታል። ከኅዳር ጀምሮ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ጓሮ ላይ በርበሬና ቲማቲም መትከል ከዕድል ጋር መጫወት ነው። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ግን ብርዱን ይችሉታል። ጎመን እንዲያውም ከ1700 እስከ 2800 ሜትር ከፍታ ያለው ቦታ ይስማማዋል፤ በቀዝቃዛው አየር ቅጠሉ እየሰፋና እየለሰለሰ ይሄዳል።

ጎመን የሚዘራው ከቤቱ ጀርባ፣ ፍግ የሚጣልበት፣ የምድጃ አመድ የሚደፋበትና የቤት ጥራጊ የሚከማችበት ቦታ ነው። እናቶች ይህን ቦታ የመረጡት በልምድ ነው፤ ምክንያቱን የአፈር ባለሙያ ሲያብራራው ግን ልምዱ ይበልጥ ያስደንቃል። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ በዝናብ ብዛት ጠቃሚው ማዕድን ታጥቦ ስለሚሄድ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ሰብሉ በሚገባ አይጠቀምበትም። ለእርሻ ማሳ መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ በኩንታል ተገዝቶ፣ ተጭኖ የሚመጣ ነገር ነው። ጓሮው ግን ኖራውን በየቀኑ ከምድጃ ያገኛል። አመድ አሲዱን ያበርዳል፣ ፖታሽየምም ይጨምራል፤ ፍጉ ለቅጠል የሚሆነውን ናይትሮጅን ይሰጣል። አንድ ቤተሰብ ካለው መሬት ሁሉ ወፍራሙ አፈር ያለው ከቤቱ ጀርባ የመሆኑ ምስጢር ይኸው ነው።

ዘሩ የግንቦት ዝናብ ጠብ ሲል ይበተናል። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከአመድ ወይም ከደቃቅ አፈር ጋር አቀላቅሎ መበተን ይሻላል፤ አለዚያ አንዱ ቦታ ይታጨቃል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። አራት አምስት ቀን ሳይሞላው ብቅ ይላል። ከዚያ ማሳሳት ነው፤ ሲሳሳ የሚነቀለው ለጋም ድስት ይገባል፣ የሚጣል የለውም። የቀረው እየደረጀ ሄዶ ሐምሌ ሲገባ በየቀኑ የሚቀነጠስ ቅጠል ይሰጣል። አቀናጠሱም ሥርዓት አለው። ከታች ያለው ትልቁ ቅጠል ግንዱን ከሚነካበት ቦታ በአውራ ጣት ወደ ታች ተጫን ሲደረግ ቀጭ ብሎ ይለቃል። በቢላ መቁረጥ ጉቶ ያስቀራል፤ ጉቶው ይበሰብሳል። አናቱ ላይ ያሉት አራት አምስት ለጋ ቅጠሎች አይነኩም፤ ተክሉ ምግቡን የሚሠራው በእነሱ ነው። በዚህ ዓይነት የተያዘ አንድ እግር ጎመን ለወራት ይበላል። ከነሥሩ መንቀል የገበያ ነጋዴ ልማድ ነው።

ጎመኑ የሚበዛበት ወቅት ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ያልደረሰበት ጊዜ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው። ስለዚህ ጎመን ችግርንም ጾምንም በአንድ ድስት ያሳልፋል። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል የተገኘው ከዚህ ኑሮ ይመስላል። መስከረም ሲጠባ ግን ሰው ፊቱን ያዞርበታል፤ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይላል። ውለታ ቢስነት ነው ብዬ አስባለሁ። ምንቸቱ ቢወጣም ተክሉ ገና ጓሮ ነው፤ ዋናው ሥራው ያን ጊዜ ይጀምራል።

ስለ ከርሞ ዘር ማሰብ የሚጀመረው ግንቦት ላይ ዘር ፍለጋ ገበያ ሲወጣ አይደለም፤ ነሐሴ ላይ ቅጠል ሲቀነጠስ ነው። ልጅ ጎመን ቅጠፍ ተብሎ ሲላክ «ያችን ተዋት፣ የዘር ናት» የሚባልባት እግር አለች። ያች እግር ማን ትሁን የሚለው የባለጓሮዋ ትልቁ ውሳኔ ነው፤ የሚሳሳቱበትም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ለዘር የሚተወው ቀድሞ ያበበውን ነው። ለምን ቢባል፣ ያበበ ጎመን ቅጠሉ ስለሚያንስና ስለሚመር ለድስት አይፈለግም፤ እሱን መተው አያሳሳም። ነገር ግን ቶሎ ማበብ በዘር የሚወረስ ጠባይ ነው። ቶሎ ካበበው እየዘሩ በየዓመቱ ከሄዱ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጓሮው ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይቀነጠስ የሚያብብ ጎመን ይሞላዋል። ያን ጊዜ «ዘሩ ወረደ» ይባላል። ዘሩን ያወረድነው እኛው ነን፤ ጥሩ ጥሩውን በልተን መናኛውን ስለዘራን።

ለዘር የሚተወው ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ የሆነው፣ ክሽክሽ ያልደፈረው፣ አበባውን የሚያዘገየው ነው። አንድ እግር ብቻ መተው አይበቃም። ጎመን በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም፣ ንብ ከአበባ አበባ ስትዞር ከጎረቤት ተክል ጋር የሚዳቀለው ቀላል አይደለም። ከበርካታ እግር የተሰበሰበ ዘር ጠባዩ የተለያየ ስለሚሆን አንዱ በበሽታ ቢመታ ሌላው ይተርፋል። መናኛዎቹ ካሉ ደግሞ ሳያብቡ ቢነቀሉ ይሻላል፤ አለዚያ ንቧ ከእነሱም ታመጣለች።

ቢጫው አበባ ከረገፈ በኋላ ቀጫጭን የዘር ቆባዎች ይወጣሉ። ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ከታች ያሉት ቆባዎች የገለባ መልክ ሲይዙ፣ ከላይ ያሉት ገና አረንጓዴ ሳሉ ተክሉ ከነግንዱ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ነው፤ ፀሐይ ከመታው በኋላ ቆባው ሲነካ ዘሩ ሊረግፍ ይችላል። ታስሮ ከጣራ ክፈፍ ሥር ይሰቀላል። ሲደርቅ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ጀንዲ ላይ ይታሻል፣ በሰፌድ ይበጠራል። መድረቁን ማወቂያው ጥፍር ነው። ፍሬው በጥፍር ሲጫኑት ተሰንጥቆ ቢፈረካከስ ደርቋል፤ ቢደፈጠጥ ገና እርጥበት አለው፤ ቢቀመጥ ይሻግታል። የደረቀው ዘር በቅል ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ጭስ በሚደርስበት ቦታ ይንጠለጠላል። ጭሱ እርጥበትና ነቀዝ ያርቃል። በደንብ የተቀመጠ ዘር ሦስት አራት ዓመት አይከዳም።

ስንት ይበቃል? አንድ የቡና ስኒ የጎመን ዘር ዐሥር ሺህ ገደማ ፍሬ ይይዛል። ለአንድ ቤተሰብ ጓሮ የስኒው ሩብም ከበቂ በላይ ነው፤ የቀረው ለጎረቤትና ለዘመድ ይዳረሳል። ዘንድሮ ጓሮዋ የከሸፈባት ሴት ከርሞ ዘር የምታገኘው አምና ከሰጠቻት ጎረቤቷ ነውና መዳረሱም መጠባበቂያ ነው። ሚያዝያ ላይ ሃምሳ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ነው፤ በሳምንት ውስጥ አርባው ከጎነቆለ ዘሩ ደኅና ነው።

ዘሩ ለመዝራት ብቻ አይደለም። የተወቀጠ ጎመን ዘር የምጣድ ማሰሻ ነው፤ ዘይቱ ምጣዱን አለስልሶ እንጀራው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። የዚህ ዘይት ጉዳይ ከማጀት አልፎ ሰማይ ደርሷል ብል ያጋነንኩ አይምሰላችሁ። የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ፋልከን 20 የተባለች ጄት ያበረረው ከዚሁ ጎመን ዘር በተሠራ ነዳጅ ነው፤ ምንም የፔትሮል ነዳጅ አልተቀላቀለበትም። የአውስትራሊያው ካንታስም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን መንገደኛ ያጓጓዘበት አውሮፕላን ነዳጅ ዐሥር በመቶ ያህሉ ከዚሁ የተሠራ ነበር። ፈላጊ ያበዛለት ኢሩሲክ አሲድ የሚባለው፣ የዘይቱን 40 በመቶ ገደማ የሚይዘው ንጥረ ነገር ነው። ለሞተርና ለምጣድ የሚስማማው ይህ አሲድ በብዛት ለምግብ አይመከርም፤ ዘይቱን እንደ ኑግ ዘይት ለወጥ ማዋል የማይመከረው በዚህ ነው። ቅጠሉን ግን አይመለከትም።

በዘር ጉዳይ ጓሮ ውስጥ ያለው ሁሉ እንደ ጎመን አይደለም። ጥቅል ጎመን ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ስለሚፈልግ በእኛ አገር አየር ብዙውን ጊዜ ዘር አይሰጥም፤ ዘሩ ከውጭ በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል፤ ዋጋው ሲወደድ ወይም ከሱቅ ሲጠፋ ጓሮውም ይቆማል። የቡሬ በርበሬ ዘር ከቀይ ዛላ ይወጣል፤ ነጠብጣብ ከታየበት ዛላ የተወሰደ ዘር ግን በሽታውን አብሮ ይዞ ይዘራል። ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው ሺምፐር እጅ ነው ይባላል፤ የከርሞ ዘሩ ራሱ ድንቹ ነው። ለዘር የሚሆነው በጨለማ ሳይሆን ብርሃን ከጎን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ግን ለዘር እንጂ ለመብል አይሆንም።

አዲስ አበባ ያለው የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን ድጋፍ ሲቋቋም ሥራው የአገሩን ዘር መሰብሰብና በቅዝቃዜ ማቆየት ነበር። ተቋሙን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እሳቸው አጥብቀው ይሉት የነበረው፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሊጠበቅ እንደማይችልና ገበሬው ማሳ ላይም መቀጠል እንዳለበት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር በገባበት ቀን ጠባዩ ይቆማል። ጓሮ ላይ ያለው ግን ከክሽክሹ፣ ከውርጩና ከዝናቡ መዛባት ጋር በየዓመቱ ይታገላል፣ ይለወጣል። የፈረስ ቤትን ብርድ የለመደ ጎመን የሚገኘው ፈረስ ቤት ላይ ሲዘራ ብቻ ነው።

ጓሮ ያላችሁ፣ በገጠርም ሆነ በከተማ፣ ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ከጎመናችሁ መካከል ከሁሉ የሚያስጎመጁትን አምስት ስድስት እግር ምረጡ፤ ክር እሰሩባቸው፤ እስከ ታኅሣሥም አትንኳቸው። ሲደርሱ ዘሩን አድርቁ፤ ቅሉ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት፤ ለጎረቤትም ቆንጥራችሁ ስጡ።