ስድስት መቶ ቀሚስ በአሥራ ስምንት ሲኒ

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ አንዲት እናት ዕቃቸውን በአፕ እንዳሳይላቸው ጠየቁኝ። ከ600 በላይ ፎቶ አላቸው፣ ሁሉም በስልክ የተነሳ። ሥራው ቀላል መሰለኝ። ፎቶዎቹ በአግድም ሦስት ሦስት ሆነው ይደረደራሉ፣ ገዢ በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ያያቸዋል፣ አለቀ። በራሴ ስልክ በ30 ፎቶ ሞከርኩት፤ ሠራ። 2 ጊጋባይት ራም ባለው የእሳቸው ስልክ ላይ ስድስት መቶውን ጭኜ ስከፍተው ግን ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቆየና አፑ ድርግም ብሎ ተዘጋ። «ይሄ ነገር ፎቶ አይወድም እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ያ ግን እንደ ታጠፈ ጋቢ ነው። ስክሪን ላይ እንዲታይ መዘርጋት አለበት፤ ሲዘረጋ ደግሞ እያንዳንዷ ነጥብ፣ ፒክሰል የምንላት፣ 4 ባይት ትይዛለች። 3000 በ4000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ፒክሰል አለው። በ4 ሲባዛ 48 ሜጋባይት። ስድስት መቶው በአንድ ላይ ይዘርጋ ከተባለ ከ28 ጊጋባይት በላይ ራም ይፈልጋል። የእኔ ኮድ ደግሞ ያዘዘው ልክ ይህንኑ ነበር።

መፍትሔውን ቡና በሚፈላበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሠላሳ እንግዳ ስለመጣ ሠላሳ ሲኒ አይገዛም። ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ጠጥቶ ከጨረሰው ይሰበሰባሉ፣ ይለቀለቃሉ፣ ለሚቀጥለው ይቀዳባቸዋል። ስልክም እንደዚያው ነው። የእናታችን ስልክ ስክሪን 1080 በ2400 ፒክሰል ነው። ሦስት ሣጥን ጎን ለጎን ሲሆን የአንዱ ወርድ 360፣ ቁመቱ 480 ይሆናል። ወደ ታች አምስት ረድፍ ይገባል፤ እየተንሸራተተ ሳለ ከላይም ከታችም በከፊል የሚታይ ስላለ ስድስት እንበል። አሥራ ስምንት ሣጥን ማለት ነው። ለመጠባበቂያ ጥቂት ተጨምሮ፣ ስድስት መቶውም ስድስት ሺውም በእነዚሁ ይስተናገዳል። ከላይ የወጣው ሣጥን ወዲያው ከታች ይገባል፣ አዲስ ፎቶና አዲስ ዋጋ ይዞ።

አፕል ይህን ለፎቶ ድርድር የሚያቃልል ዕቃ ለአይፎን ያቀረበው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። አንድሮይድ በ2014 ሪሳይክለርቪው የሚባለውን አወጣ፤ ስሙ ራሱ መልሶ መጠቀምን ይናገራል። በአዲሱ የአንድሮይድ መሥሪያ፣ ጄትፓክ ኮምፖዝ፣ ደግሞ የዕቃው ስም ላይ «ሰነፍ» የሚል ቃል አለበት። እስኪጠየቅ ድረስ ምንም አይሠራም ለማለት ነው። ስንፍና የሚመሰገንበት ሙያ የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሲኒው ቢቀንስም ግን ሲኒው ውስጥ የሚቀዳው መጠን አለ። አሥራ ስምንት ፎቶ ሙሉ ለሙሉ ቢዘረጋ 864 ሜጋባይት ነው፤ አሁንም ለዚያ ስልክ ሞት ነው። 360 በ480 ለሆነ ሣጥን 3000 በ4000 መዘርጋት ለአንድ ሰው ቁርስ ጤፍ በኩንታል ማስፈጨት ነው። ስለዚህ ፎቶው ሲፈታ ከመጀመሪያው በስምንተኛ ይፈታ ይባላል። 375 በ500 ሆኖ ይወጣል፣ ሣጥኑን ልክ ይሞላል፣ ሦስት ሩብ ሜጋባይት ብቻ ይይዛል። አሥራ ስምንቱ ተደምረው 13.5 ሜጋባይት። ስምንተኛ የመረጥኩት ለስሌት ስለተመቸኝ ብቻ አይደለም። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ምስሉን የሚያስቀምጠው 8 በ8 ፒክሰል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው፤ የእያንዳንዱን ካሬ አማካይ ከዝርዝሩ ለይቶ ይጽፋል። ስምንተኛውን ስጠኝ ሲባል ዝርዝሩን ትቶ አማካዮቹን ብቻ ያነሳል። ፍጥነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ፍጥነት ካነሳን፣ ብዙ ስልኮች ስክሪናቸውን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳሉ። ለአንዱ ምስል የሚደርሰው ጊዜ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ስክሪኑን የሚስለው ሠራተኛ ፎቶ ልፍታ ብሎ ከዚያ በላይ ከቆየ ድርድሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጣት ከሄደ በኋላ ይከተላል። ቡና የምትቀዳው ልጅ ስኳር ልትገዛ ሱቅ አትሄድም፤ ትንሹ ልጅ ይላካል። ፎቶ ማምጣቱና መፍታቱም እንደዚሁ በስተጀርባ ለሚሠራ ሌላ ይሰጣል፤ እስኪደርስ ሣጥኑ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይዞ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ የሚገርም ስህተት ይፈጠራል። አንድ ቀን ገዢ ደውላ ቀይ ጥለት ያለውን ቀሚስ በአረንጓዴው ዋጋ ጠየቀች። አፑን ሳየው እውነቷን ነው። ገዢዋ በፍጥነት ስታንሸራትት ለቀዩ የተላከው «ትንሽ ልጅ» ሳይመለስ ሣጥኑ ለአረንጓዴው ተሰጥቷል፤ አረንጓዴው ቀድሞ ደረሰ፣ ከዚያ ቀዩ ዘግይቶ መጣና በላዩ ተለጠፈ። ያልተለቀለቀ ሲኒ እንደማለት ነው። ሣጥን ለሌላ ሲተላለፍ የቀድሞው ትእዛዝ መሰረዝ፣ ፎቶውም መጥፋት አለበት። ግላይድና ኮይል የሚባሉት ዝግጁ ኮዶች መሰረዙንም፣ ማሳነሱንም፣ አንዴ የመጣውን አስቀምጦ መልሶ መስጠቱንም ይሠራሉ። ሁሉን በእጄ ካልጻፍኩ ብዬ ያጠፋሁት ሳምንት ዛሬም ይቆጨኛል።

ፎቶው ከሰርቨር የሚመጣ ከሆነ ማሳነሱ እዚያው ማለቅ አለበት። አለዚያ ገዢዋ አንድ ስክሪን ለማየት 60 ሜጋባይት ከፓኬጇ ይቆረጣል፤ ዳግም አትከፍተውም።

የሣጥኑን ቅርጽ ያረሙት ግን እናትየው ናቸው። መጀመሪያ ካሬ አድርጌው ነበር፣ ሁሉም ካሬ ስለሚያደርግ። ቀሚስ ረጅም ነው፤ ካሬው መሃሉን ይዞ አንገቱንና ጫፉን ቆረጠው። «ሰው የሚገዛው እኮ ጥለቱን ነው» አሉኝ። ወደ ሦስት ለአራት ቀየርኩት። ኢንስታግራም ራሱ በፕሮፋይል ገጹ ለዓመታት የያዘውን ካሬ በ2025 እ.ኤ.አ. ወደ ቁመታም ሣጥን ለውጦታል።

ከዚያ ጥምቀት ደረሰ። ከቀሚሶቹ በላይ ትልቅ የበዓል ማስታወቂያ ይግባ ተባልኩ። ማስታወቂያውንና ድርድሩን አንድ ላይ በሌላ ተንሸራታች ገጽ ውስጥ ከተትኳቸው፤ ስልኩም እንደ መጀመሪያው ቀን ነጭ ሆኖ ተዘጋ። ሁለት ቀን ኮዴን ስመረምር ከረምኩ። ድርድር ስንት ሣጥን እንደሚበቃው የሚያውቀው በራሱ ቁመት ነው። ወሰን የሌለው ገጽ ውስጥ ስከተው ቁመቱ እስከ ስድስት መቶኛው ቀሚስ ተለጠጠ። ለእሱ ሁሉም እንግዳ አንዴ የተቀመጠ መሰለው፤ ስድስት መቶ ሲኒ አወጣ። ኮዱ ላይ የሚጮህ ስህተት የለም፣ በ30 ፎቶ ቢሞከር አሁንም ይሠራል።

ውጪኛውን ገጽ አነሳሁና ማስታወቂያውን የድርድሩ የመጀመሪያ ዕቃ አደረግኩት፤ የሦስት ሣጥን ቦታ እንዲይዝ ነገርኩት። ሲኒና ብርጭቆ እንደማይቀያየሩ ሁሉ ይህ ትልቅ ሣጥን ከትንንሾቹ ጋር አይቀያየርም፤ ሪሳይክለርቪው በየዓይነታቸው ለይቶ ያስቀምጣቸዋል። አሳየኋቸው። በጣታቸው ገፉት፣ ማስታወቂያው ከቀሚሶቹ ጋር ወደ ላይ ወጥቶ ጠፋ።

«ይሄማ ቆሞ ይቅር እንጂ ልጄ» አሉኝ።